ሰው ለራሱ አይቀዳም

ውድ ዓናብ፣

ይህን ደብዳቤ ፊርዶስ እንደምታነብልሽ ስለማውቅ አስቀድሜ ለእሷ አንድ ነገር ልበል። ፊርዶስ ልጄ፣ የተጻፈውን ብቻ አንብቢ። አትዝለይ፣ አትጨምሪ፣ እናቴ ይከፋታል ብለሽም ቃል አትለውጪ። ለምን እንዲህ እንዳልኩሽ ስትጨርሺ ይገባሻል።

ዓናብ፣ ባለፈው ሳምንት ልጅሽን ልከሽብኝ ነበር። በሬ ላይ ቆማ፣ «እማ ቦጌ፣ እናቴ ‹ሞታ እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ ካልሞተች እግሯ መኖሩን እዪልኝ› ብላ ነው» አለችኝ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። «እግሬ አለ በያት» ብዬ መለስኳት። ከድሬ ዳዋ አንቺ ያለሽበት መልካ ጀብዱ ለሚኒባስ ምን አላት? ሳልመጣ ግን ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ዐይንሽን ስኳር እንደወሰደው እያወቅኩ ቀረሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ደክሞኛል፣ ይዤው መዞር አልቻልኩም።

ማንበብ ቻልኩ። ቀበሌ ልማር ተመዘገብኩ ስልሽ፣ «አቦ ቦጌ፣ በስድሳ አንድ ዓመትሽ ሚኒስትር ልትሆኚ ነው?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ከዚያ ሻይሽን አስቀመጥሽ። እስኪበርድ አልነካሽውም። ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። መጀመሪያ የሱቅ ስም፣ ቀጥሎ የባጃጅ ጀርባ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ አንድ ቀን የብስኩቱን ጣሳ ከአልጋዬ ሥር አወጣሁት። ባሌ ይሳቅ ከሚሠራበት መርከብ ወርዶ ዮኮሃማ በሚባል የጃፓን ወደብ ከቀረ በኋላ የላካቸው ሰባት ደብዳቤዎች። እስኪመለስ ብዬ ያስቀመጥኳቸው።

በምሳ ሰዓት፣ የምንሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግንብ ሥር፣ በኒሟ ዛፍ ጥላ ስታነቢልኝ አስታወስሽ? በዘይት የተጠበሰው ባጊያ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መሀላችን ይቀመጣል። ከማሽኑ ጩኸት ስለወጣን ሁለታችንም እየጮህን ነው የምናወራው። አንቺ ወረቀቱን ትዘረጊና ገና ሁለት መስመር ሳትሄጂ ፊትሽ ይጨማደዳል።

«አስተግፊሩላህ። አሁንም ስለ መጠጥ ነው።»

«ዝለይው ታዲያ።»

«መዝለል የለም። ደብዳቤ አማና ነው፣ አደራ ነው፤ የመጣው ሁሉ ይነበባል።»

እንዲህ ብለሽኝ ነበር። አማና ነው ብለሽኝ ነበር ዓናብ።

ያነበብሽልኝን እስከዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። ኢዛካያ ይባላል፣ መጠጥ ቤትም ምግብ ቤትም ነው። በሩ ላይ ቀይ የወረቀት ፋኖስ ይንጠለጠላል፣ መግቢያው ላይ አጭር መጋረጃ አለ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባል። ሲገባ አሳላፊዎቹ ሁሉ ባንድ ድምፅ ‹እንኳን ደህና መጣህ› ብለው ይጮሁለታል። ገና ሳይታዘዝ አንዲት ትንሽ ሳህን ትመጣለች፤ የዕለቱ ነገር ነው፣ አንዳንዴ በጨው የተቀቀለ አኩሪ አተር ከነቆዳው። የዶሮ ሥጋ በቀጭን እንጨት ተሰክቶ ከሰል ላይ ይጠበሳል፣ በጣፋጭ መረቅ እየተቀባ። ጥሬ ዓሣም ይበላሉ። «ጥሬ?» ብዬሽ፣ «ጥሬ» ብለሽኝ ሁለታችንም ባጊያችንን አይተን ሳቅን። ሳኬ ከሩዝ ይጠመቃል፤ በብርድ ጊዜ በትንሽ ገንቦ ይሞቅና ከፍንጃል በምታንስ የሸክላ ጽዋ ይጠጣል። ደግሞ እዚያ ሰው ለራሱ አይቀዳም። የጎረቤትህ ጽዋ ጎደለ ማለት አንተ ትሞላለታለህ፣ ያንተን እሱ ይሞላልሃል።

ገጹ ሲያልቅ እጠይቅሻለሁ። «ስለኔስ ምን አለ?»

ያን ጊዜ ዐይንሽ ወረቀቱ ላይ መሄዱን ያቆማል። እዚያው አንድ ቦታ ይተከላል። ድምፅሽ ግን ይጣፍጣል። «‹ቦጌ፣ የኔ ጽዋ ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ እዚህ ሰው ለራሱ አይቀዳም፣ አንቺ ደግሞ አጠገቤ የለሽም› ይላል» አልሽኝ። እኔ በዚህች ቃል ኖርኩ።

አሁን ያው ወረቀት ፊቴ ተዘርግቷል። ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ ሰባት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፤ «ጽዋዬ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። የቤቱ ባለቤት ሚቺኮ አጠገቤ ተቀምጣ ትሞላልኛለች።» ስለኔ የተጻፈ የለም። በሰባቱም ደብዳቤ ዶሮ አለ፣ ዓሣ አለ፣ ሳኬ አለ፣ ሚቺኮ አለች። ስሜ ፖስታው ላይ ብቻ ነው። የሰባተኛው መጨረሻ ላይ፣ የ1990 ዓመተ ምህረቱ፣ «አትጠብቂኝ» የምትል አንዲት ቃል አለች። አንቺ በእሷ ቦታ «ለፋሲካ ባልደርስ እንኳ አትዘኚ» ብለሽ አነበብሽልኝ። መልሱንም የምትጽፊው አንቺ ነበርሽ። ምን ብለሽ እንደጻፍሽለት እግዜር ይወቅ።

በዚያው ዓመት ይትባረክ ሽማግሌ ላከ። የባቡሩ ፍሬን ያዥ፣ ያ ሲስቅ ትከሻው የሚነቃነቀው። «አግቢው አቦ፣ ደህና ሰው ነው» አልሽኝ። አንድ ቀን አይደለም፣ ወር ሙሉ አልሽኝ። «ጽዋው ባዶ ነው እያለኝ?» አልኩሽ። መሬት መሬት አየሽ። እሱን አግቢ ለማለት ምላስ የነበረሽ ሴት አንዲት የተጻፈች ቃል ለማንበብ ምላስ አጣሽ። ይትባረክ ሌላ አገባ። አሁን የልጅ ልጆቹን በእኔ ደጅ አሳልፎ ትምህርት ቤት ይወስዳል፣ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይለኛል። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ይህን ለመጻፍ ብዬ ነው መሰለኝ ፊደል የተማርኩት።

ደግሞ የሞኝነቴን ነገር ታውቂዋለሽ። ከዚያች የባዶ ጽዋ ቃል በኋላ ለራሴ መጠጥ ቀድቼ አላውቅም ነበር። ባሌ ካልቀዳ እኔም አልቀዳም አልኩ። ሠርግ ላይ ብርጭቆዬ ባዶውን ሲቀመጥ ሰው ኩራት ይመስለው ነበር። በፋሲካ ግን አንቺ ትመጫለሽ። የጠጁን ጆግ እጅሽ እንዳይነካው በሻርፕሽ ጫፍ ትይዢና ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ትቀጂልኛለሽ። «ረቢ ይቅር በለኝ፣ ይቺ ሴትዮ ጀሀነም ሳትከተኝ አትቀርም» እያልሽ። ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ይፈስሳል። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ አደረግሽ። ዐይንሽ ከጠፋም ወዲህ ፊርዶስ እጅሽን ይዛ እያመጣችሽ፣ በዳበሳ ቀዳሽልኝ፤ ያኔ ሁሉም ፈሰሰ።

የዘንድሮን ፋሲካ አንቺን ሳልጠራ ብቻዬን ዋልኩ። ራሴ ቀዳሁ። አንድም ጠብታ አልፈሰሰም። ጠረጴዛው ደረቅ ነበር፣ እሱን ሳይ ዋልኩ። ጠጁ እስኪመሽ እንደተቀዳ ቀረ።

ያን ቀን አንድ ነገር ራሴን ጠየቅኩ። ካንቺ ይልቅ ለእኔ የሚከብደውን እዚህ እጽፈዋለሁ። ዐይንሽ ሲቆም አይ ነበር ብዬሻለሁ። ማንበብ ባልችልም ዐይን ሲሄድና ሲቆም መለየት የሚያቅተው ማን ነው? ማሽን ላይ የምሠራ ሴት ነበርኩ፤ ከሺህ ክር አንዷ ስትበጠስ በጥላዋ አውቃለሁ። አውቅ ነበር ዓናብ። አውቄ ነው «ስለኔስ ምን አለ?» የምልሽ። አንቺም ባዶ ጽዋ ዘርግቼ መቆሜን አይተሽ ሞላሽልኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ማን ማንን እንዳታለለ ለማወቅ አሁን ጉልበት የለኝም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እመጣለሁ። ባጊያ ከገበያው እይዛለሁ። ጣሳውንም አመጣለሁ፤ ከፈለግሽ አንድ በአንድ እንደተጻፉ አነብልሻለሁ፣ ሚቺኮንም ሁሉንም። ካልፈለግሽ ለከሰል ማቀጣጠያ ይሆናሉ። ሻዩን አንቺ ቅጂልኝ። ቢፈስ ይፍሰስ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። እጄ አልሄደልኝም። ያላመንኩበትን ለመጻፍ አይደለም በስተርጅና የተማርኩት፣ ምናልባት ነገ ይሄድልኛል።

ፊርዶስ ልጄ፣ ሲጀመር አትጨምሪ ብዬሽ ነበር። እዚህ ላይ ግን ዐይንሽን ከወረቀቱ አንሺና እናትሽ መስማት የምትፈልገውን አንድ ነገር እኔ እንዳልኩት አድርገሽ በያት። ድምፅሽ ይጣፍጥ። ታውቅብሻለች። ግድ የለም፤ እኔም አውቅ ነበር።

ቦጋለች፣
በገዛ እጇ የጻፈችው