የፍየል ጉርሻ

ጥቅምት 8

ልብስ አጠብኩ። ግቢ ጠረግኩ። ከሰዓት ስድስት ፍየሎች መጡ። ዶክቶራ ኒዕማ «ከዩኒቨርሲቲ ሥራ ይመጣልኛል» ስትል ኮምፒውተር መስሎኝ ጠረጴዛ ወልውዬ ስጠብቅ... ሥራው እየጮኸ ገባ። ጆሯቸው ደረታቸው ድረስ ተንጠልጥሏል።

አሠሪዬ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ታስተምራለችም። እዚህ ደብተር ላይ ግን ቀጭኔዋ ነች። በር ስትገባ ጎንበስ የምትል ሴት ሌላ ምን ትባላለች?

ሦስቱ አንገት ላይ ቀይ ክር አሰረች፣ ሦስቱ ላይ አረንጓዴ። «ያ ሉጥፊያ፣ ሣርና ውኃ ብቻ። ሌላ ምንም እንዳትሰጫቸው። ምንም።» ለእኔ ነው ይሄ? አባቴ ባቲ ገበያ ፍየል ሲነግድ ያረጀ ሰው ነው።

ጥቅምት 11

ጉንፋን። አፍንጫዬ ቧንቧ ሆኗል።

ማዮ ሰፈር ሻይ የምትሸጠው ጓደኛዬ ስንቅነሽ ባለፈው ጁምዓ ካፕሱል ሰጥታኝ ነበር። አንዱን ልውጥ ስል ዶክቶራ ደረሰች። ከእጄ ነጠቀችኝ።

«አንቲባዮቲክ? ጉንፋን እኮ ቫይረስ ነው። ይሄ ቫይረስ አይነካም።»

«ታዲያ ምን ይነካል?»

ተቀመጪ አለችኝ። ሆዴ ውስጥ ከኦምዱርማን ከተማ የሚበልጥ ሕዝብ አለ አለች። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን። ብዙዎቹ ሰላማዊ ናቸው። ቫይረስ ሲመጣ የሰውነትን ዘበኛ የሚቀሰቅሱ አሉ፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ለቫይረሱ በር የሚከፍት ከሃዲ አይጠፋም። ካፕሱሉ ቫይረሱን ትቶ ሰፈርተኛውን ይፈጃል። ሰውም ከብትም ያው ነው።

ፍየሎቹም የመጡት ለዚሁ ነው። ቀዮቹ አንቲባዮቲክ ይወስዳሉ፣ አረንጓዴዎቹ አይወስዱም። ከዚያ ለሁሉም የፍየል ወረርሽኝ ክትባት፣ ማለት የተዳከመ ቫይረስ። ሰፈርተኛው ያለቀበት ፍየል ከክትባቱ መከላከልን በደንብ አይማርም ብላ ታስባለች። ሁለት ዓመት የለፋችበት ሐሳብ ነው።

ሆዴን ዳበስኩት። ይቅርታ ጎረቤቶቼ።

ጥቅምት 15

ቀዮቹን ተቅማጥ ያዛቸው። ሣሩን ያሸቱና ይተዉታል። የባሰው... አያመሰኩም። አባቴ «ያላመሰኳ ፍየል ግማሽ ቆዳ ነው» ይል ነበር።

ለዶክቶራ ነገርኳት። «መድኃኒቱ ነገ ያልቃል። ያገግማሉ ኢንሻአላህ።»

ኢንሻአላህ። ግን ሙሽሪት ታየኛለች። ስም አውጥቼላቸዋለሁ... ቀዮቹ ሙሽሪት፣ ጭራሮና ቀበጢት ናቸው። ስም ካወጡ በኋላ መጨከን ከባድ ነው።

ጥቅምት 17

አደረግኩት። አባቴ ያደርገው የነበረውን።

ዶክቶራ ሥራ እንደሄደች ከአረንጓዴዎቹ ወፍራሟን፣ እመቤትን፣ ያዝኳት። ዓይኗን ከደን አድርጋ ስታመሰኳ ጠብቄ አፏን ፈልቅቄ የምታኝከውን በጣቴ ዘገንኩ። ትኩስ ነው። ሽታው... ይቅር። ቀጥታ ወደ ሙሽሪት አፍ። ዋጠች። ለጭራሮም እንደዚሁ። እመቤት ቀኑን ሙሉ በክፉ ዓይን ስታየኝ ዋለች፤ ከአፏ የነጠቁት ማን ደስ ይለዋል?

ቀበጢት ጣቴን ነከሰችኝ። ጉርሻዬንም መሬት ላይ ተፋችው።

ሌላ ምንም አትስጫቸው ብላኝ ነበር። የፍየል ምግብ ለፍየል መስጠት «ሌላ» ነው? ነው መሰለኝ።

ጥቅምት 18

አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል። ደገምኩላቸው። ቀበጢት ዛሬም እምቢ። ጣቴ አብጧል።

ጥቅምት 20

ሙሽሪት አመሰኳች። ጭራሮም። ቁጭ ብዬ ሳያቸው እንባዬ መጣ። ቀበጢት አሁንም ሣር ታሸታለች።

ዶክቶራ ሁሉንም ከተበች። «ጣትሽ ምን ሆነ?»

«በር።»

ዋሸሁ።

ኅዳር 12

የፍየሎቹ የደም ምርመራ ውጤት መጣ። ዶክቶራ ምሳ አልበላችም።

አረንጓዴዎቹ ከክትባቱ ደህና ተምረዋል። ከቀዮቹም ሁለቱ ልክ እንደነሱ። ደካማ ውጤት ያመጣችው አንዷ ብቻ። የቷ? ቀበጢት።

«ኻላስ፣ አበቃ። ሐሳቤ ስህተት ነበር» አለች። ወረቀቱን ጨምድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። እሁድ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ትቼዋለሁ ልትላቸው ነው።

ኩሽና ገብቼ አንዱን ድስት ሦስቴ አጠብኩት። ለሁለቱ በጉርሻው ሰፈርተኛውን የመለስኩላቸው እኔ ነኛ። ብናገር ታባርረኛለች። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በስሟ ነው። ዝም ብል ደግሞ የሁለት ዓመት ልፋቷ በእኔ ጣት ገደል ገባ። ፈራሁ።

ኅዳር 14

ጁምዓ። ማዮ ሄድኩ። ስንቅነሽ ሻይ እየቀዳች ሰማችኝ።

«ፍየል አጎረስሽ?»

«አጎረስኩ።»

«እኔን አንድ ቀን አጉርሰሽ ታውቂያለሽ?» ስቃ ስትጨርስ ግን ማንኪያውን አስቀመጠች። «ንገሪያት። ብታባርርሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ። ዝም ብትዪ ግን አያስተኛሽም፣ አውቅሻለሁ። ለድንጋጤው ካፕሱል ልስጥሽ?»

«ሰፈርተኛ ይፈጃል።»

«የምን ሰፈርተኛ?»

ኅዳር 15

ነገርኳት። መጥረጊያ ይዤ፣ ለምን እንደያዝኩት እንጃ።

ጮኸች። «እንዳትሰጫቸው አላልኩሽም?»

«ብለውኛል።» በዓረብኛ እርስዎ የለም፤ በልቤ ነው የምጨምረው። አለቀስኩ።

ድንገት «ሦስቱንም ነው?» አለች።

«ሁለቱን። ቀበጢት ነከሰችኝ።» የጣቴን ጠባሳ አሳየኋት።

ቁጭ አለች። የተጨማደደውን ወረቀት ከቅርጫቱ አውጥታ በጉልበቷ ላይ ዘረጋጋችው። «በየትኛው ቀን? ስንቴ? ከማን አፍ ለማን?»

«ጽፌዋለሁ» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው።

«የት?»

ወይ ጉዴ። እዚህ ደብተር ላይ ነዋ።

ኅዳር 16

ዩኒቨርሲቲ አልሄደችም። እኔ ደብተሬን ወደ ዓረብኛ እየመለስኩ፣ እሷ እየጻፈች፣ የእሷን ነገር እየዘለልኩ... ደህና እየሄድን ነበር። ጥቅምት 8ን ድገሚልኝ ስትል ግን ፈዘዝኩና ቀጭኔዋ የሚለውን በዓረብኛ «ዘራፋዋ» ብዬ አነበብኩ።

ብዕሯ ቆመ። «ዘራፋ የትኛዋ ፍየል ናት?»

እመቤት ናት ልል ነበር። ግን የበሩ ውሸት ይበቃኛል።

«እርስዎ ነዎት።»

ተነሳች። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ወጣች። አለቀልኝ ብዬ ስቀመጥ ኮሪደሩ ውስጥ ሳቋ ተሰማኝ። እስኪያስላት ነው የሳቀችው።

ኅዳር 28

ዘጠኝ አዳዲስ ፍየሎች ገቡ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ቢጫዎቹ የእኔ ናቸው፤ መድኃኒቱን ወስደው ጉርሻ የሚበሉት። «ስድስት ፍየል ማስረጃ አይሆንም። ዘጠኝም አይሆንም። ደህና ጥያቄ ግን ይሆናል» አለች። ሳልነግራት ጣቴን እንዳላነሳ አስማለችኝ። ወላሂ አልኩ። ጓንት ገዛችልኝ።

ዛሬ ስታስነጥስ ዋለች። «ያ ሉጥፊያ፣ ከመድኃኒት ቤቱ አንዲት ካፕሱል ብቻ...» ስትል ትኩር ብዬ አየኋት።

«እሺ። ሾርባ» አለች።

የፍየሎቹ መዝገብ ከእንግዲህ ሌላ ደብተር ነው፤ ይሄ የብቻዬ ሆኖ ይቀራል። አዲሱ ሽፋን ላይ የሠራተኞቹን ስም በራሷ እጅ ጽፋለች። ቁርኣን ቤት የተማርኩት ፊደል ለዚህ ጠቀመኝ፣ አነበብኩት።

ሉጥፊያና ዘራፋ ይላል።