ወርቁ ላይ ያለው ፊት

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ታቃስቻለሽ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ከትናንት ወዲያ የሆነውን ግን ልንገርሽ።

እሺ ብዬሽ ሄድኩልሽ። ድሮ ትሠሪበት የነበረው ማተሚያ ቤት፣ ባለቤቱ ዘንድ። ደግ ሰው ነው፣ መመረቅሽን ቢሰማ ደስ ይለዋል፣ ሥራም ያገኝልሻል እያልሽ ስንቴ ጨቀጨቅሽኝ! ፋርማሲ ለተማረች ልጅ ማተሚያ ቤት ምን ሥራ አለው ብልሽም አልሰማሽኝም። ደግሞ ጸጉርሽን ወደ ኋላ አሲዢው፣ ፊትሽ በደንብ ይታይ አልሽኝ። እኔ ሞኟ ለወጉ መስሎኝ አሲዤው ሄድኩ።

ስምሽን ስነግረው ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አንዴ ፊቴን አየኝ፤ ከዚያ በኋላ መስኮቱን እንጂ እኔን አላየም። እናትሽ እንዴት ናት እንኳ አላለም። ስለ ራሱ ግን አፉ አያርፍም! ድርጅቱ ሠላሳ ዓመት ሞላው፣ ለመታሰቢያ የወርቅ ሳንቲም አሠራሁ፣ ንጹሕ ወርቅ ነው፣ ለትልልቅ ደንበኞች ካልሆነ ለማንም አልሰጥም እያለ ለፈለፈ። ከመሳቢያው አንዱን አወጣ። አውራ ጣቱን ላሰ እማዬ፣ ላሰ! በዚያው ምራቁ ሳንቲሙን ወለወለና ለምርቃትሽ ይሁን ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠው። እርጥብ ነበር።

ምን ቢቀረጽበት ጥሩ ነው? የገዛ ፊቱ! በጎን በኩል፣ አፍንጫው፣ አገጩ፣ ሁሉ ነገሩ። እንዲህ ራሱን የሚያመልክ ሰው አለ እንዴ ብዬ በሆዴ ልስቅ ስል ጸሐፊዋ ወረቀት ልታስፈርም ገባች። ሳንቲሙን አየች፣ እኔን አየች። ውይ ጋሼ፣ አፍንጫዋ ቁርጥ የእርስዎ፣ የእህትዎ ልጅ ናት እንዴ ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ፊቱ አመድ መሰለ። ውጪ ብሎ ጮኸባት፤ ምስኪን፣ ሳታስፈርም ወጣች። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናትሽን ሰላም በያት፣ ዳግመኛ ግን እዚህ መምጣት አያስፈልግም አለኝ።

እዚያው ፎቅ ላይ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ። ቀና ስል መስታወት አለ። ጸጉሬን ፈታሁት።

አልተቆጣሁሽም ብል ውሸት ነው። ቁጭ አድርገሽ ልትነግሪኝ ስትችይ፣ እንደ ገበያ ዕቃ አሳምረሽ ላክሽኝ። ግን የተጸየፍኩት እሱን ነው። አንቺ ብቻሽን ስትንገላቺ እሱ ፊቱን በወርቅ ያስቀርጻል፤ የአንዲት ጸሐፊ ሳቅ ግን መሸከም አቃተው። ቱ!

ሳንቲሙን በሶፍት ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ሽጪው፣ ጣይው፣ መልሺለት፣ እንደፈቀድሽ። የሥራው ነገር አያሳስብሽ፣ ሰኞ አንድ መድኃኒት ቤት እጀምራለሁ።

ልጅ ሆኜ የሟቹን አባቴን ፎቶ አሳዪኝ እያልኩ ሳለቅስብሽ፣ አንድም አልተረፈም ትይኝ ነበር። ከእንግዲህ ፎቶ አልጠይቅሽም። እንደሞተ ይቆይልን።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ ክፉ አይንካብኝ።

ያንቺ፣ ያንቺ ብቻ የሆነችው
ልጅሽ