የእትዬ ገልብጪው ዐይን

እትዬ ገልብጪው ከሰዓት ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከሰዓት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ተወለዱ። ቀኑን አባት በበጋ ነው ይሉ ነበር፣ እናት በክረምት። እሳቸው ሁለቱንም አላመኑም። ስለዚህ ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ወይም ሰባ ሁለት ነበር።

በልጅነታቸው ሰው ቤት ውሃ ሲቀርብላቸው ብርጭቆውን ወደ መስኮት አንስተው ሳያዩ አይጠጡም። እናታቸው በእፍረት መሬት ዋጪኝ እያሉ ብዙ ቆንጥጠዋቸዋል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አስተማሪያቸው ካርዳቸው ላይ "ጠርጣራ ናት" ብለው ጽፈዋል። ካርዱን አይቼዋለሁ።

በሃያ ዓመታቸው የመርፌ መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ በጠርሙስ አጣቢነት ተቀጠሩ። አንድ ቀን በፍተሻ ክፍሉ ሲያልፉ፣ ተመርምሮ ያለፈ መድኃኒት አንስተው "ይሄ ውስጥ ነገር አለ" አሉ። አለቃው "አንቺ እጥበትሽን እጠቢ" አላቸው። ደግሞም ሊያዋርዳቸው ብሎ፣ ጉድለት እንዳለባቸው የሚያውቃቸውን ዐሥር ጠርሙሶች ከሁለት መቶ ደህና ጠርሙሶች ጋር ቀላቅሎ ሰጣቸው። ዐሥራ አንድ ለዩ። አለቃው ሳቀ። "ዐሥራ አንደኛውን ገልብጠው" አሉት። ሲገለብጠው ከፀጉር የቀጠነች ነገር ከሥር ተነሥታ ዞረች። ሳቁ ቆመ። በማግስቱ ጠርሙስ ከሚፈተሽበት መብራት ፊት ወንበር ተሰጣቸው። በቁንጥጫ ያልለቀቃቸው አመል ችሎታ መሆኑን ያወቁት ያኔ ነው። ገልብጪው የሚለው ስማቸውም እዚያው ወጣ።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው የፋብሪካውን የጭነት መኪና ሹፌር አገቡ፣ ሁለት ዓመት መርምረው። አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ ወለዱ። እኔ የወንድ ልጃቸው ሚስት ነኝ። ለዐሥራ ስምንት ዓመት የቀዳሁላቸውን ውሃ ወደ መስኮት ሳያነሱ አልጠጡም። ቂም የለኝም። ልጆቻቸው የቀዱትንም ያነሱ ነበር።

ሙያቸውን ግን ለማንም አላሳዩም። ጠጋ ያለችውን ሁሉ "ወንበሬን ፈልጋ ነው" ይሉ ነበር። በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዐይናቸው መድከም ጀመረ። ደበቁ። እኔ የነቃሁት ብርጭቆውን እንዳነሱ ከወትሮው ሲቆዩ ነው።

"እማማ፣ ያመለጠዎት ጠርሙስ ቢኖርስ?" አልኳቸው።

"አርፈሽ ወጥሽን አማስዪ!" አሉኝ።

ሳምንት አልሞላም። ያመለጣቸው ጠርሙስ በማን ልጅ ክንድ እንደሚገባ እያሰቡ እንቅልፍ አጡ። የጊዜው አለቃቸው ዘንድ ሄደው "ዐይኔ እያታለለኝ ነው፣ የሚማር ሰው አምጣ" አሉ።

ስምንት ሴቶች መጡላቸው። አንድ በአንድ እያስቀመጡ፣ ንጹሕ ጠርሙስ አንስተው "አየሻት?" ይላሉ።

"አዎ እትዬ! ከሥር ናት፣ ነጭ ነገር!"

"ወደ እጥበትሽ!"

ሰባቱ እንዲህ ተባረሩ። ስምንተኛዋ ክዳን ገጣሚ ነበረች። ገለበጠች፣ ደገመች። "እትዬ ይቅርታ፣ እኔ ምንም አልታየኝም" አለች። "ነገም ነዪ" አሏት። ቆይተው ሰባቱንም አስጠሩ፤ እነሱም ያላዩትን አየሁ አለማለትን ከክዳን ገጣሚዋ ተማሩ። እስከ ጡረታቸው ድረስ ሠላሳ ሰባት ሰው ከዚያ መብራት ፊት አስቀምጠዋል። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ጠርጥረዋል።

አምና ኩላሊታቸው ታመመ። ሆስፒታል አልጋቸው መስኮት ሥር ነበር። ነርሷ ግሉኮስ ልትሰቅል ስትል "አምጪው" አሉ። ወደ ብርሃኑ አነሱት። አልታያቸውም።

"ንጹሕ ነው እማማ" አለች ነርሷ።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?" ብለው ለእኔ ሰጡኝ። "አየሻት?"

ገለበጥኩት። ቆየሁ። "ምንም የለም" አልኳቸው።

ክንዳቸውን ለነርሷ ዘረጉ። ከዚያም ውሃ ጠየቁኝ። ብርጭቆውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ሳያዞሩ ጠጡት።

በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ዐረፉ። ሰዓቱን በሦስት የእጅ ሰዓቶች አመሳክሬዋለሁ። ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና ሠላሳ ሰባት ጠርጣሮች ትተውልናል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ወደ ብርሃን አንስቶ፣ ገልብጦ አይቶ፣ ከንጹሖቹ ጋር ያስቀምጥልን።