በእበት ጋዝ የተሠራ የማኅበር ወጥ

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2 ሰዓት

እትዬ ዘነበች ዓይናቸው ብሶባቸዋል። ሲያፈስ አድሮ ጠዋት ተጣብቆ አልከፈት አለ። በለብታ ውሃ አጥቤላቸው አሁን መግባቴ ነው። ምራታቸው ወንድ ልጅ ተገላግላ ገና አራስ ናት፤ ሕፃኑ ይጠባል፣ ደህና ነው። ወንዶቹ አጨዳ ላይ። ስለዚህ ምድጃ ላይ የሚደፉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ዓይን፣ በኩበት ጭስ! ሐኪሙ ጭስ አጠገብ አይድረሱ ብሏቸው ነበር። አጠገቡስ አይደሉም፣ ውስጡ ናቸው።

እኔ ጋ ይምጡና ያብስሉ አልኳቸው፤ ጎረቤት አይደለን? የኔ እሳት ጭስ የለውም። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ዓይኔ ይጥፋ እንጂ ከሽንት ቤት በመጣ እሳት የበሰለ አልቀምስም።» ይህን ሲሉኝ ዓይናቸውን እያጠብኩ ነው እንግዲህ!

አንቺ ደብተር፣ አንቺ እንኳ አትገላምጪኝ። ነገሩ ይኸው ነው፦ ከበረቱ ጀርባ የባዮጋዝ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። የላሞቹን እበት በውሃ እበጠብጣለሁ፣ እጨምራለሁ። እዚያ ሲብላላ ጋዙ በቱቦ ወጥ ቤት ይመጣል። ክብሪት መጫር ብቻ፣ ሰማያዊ እሳት! የሽንት ቤቱም ቱቦ እዚያው ይገባል። በቃ፣ ኃጢአቴ ይህቺ ናት።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ከቤ/ክ መልስ

ተናድጃለሁ። ጽሕፈቴን አትይብኝ።

የማርያም ማኅበር በ21 ተራው የኔ ነው። ጽዋው ካለፈው ወር ጀምሮ እኔ ቤት ነው። ዛሬ ሚካኤልን ስመን ስንወጣ ወ/ሮ አስካለ በሰው ፊት አቆመችኝ። የማኅበሩ ሙሴ እሷ ናት፣ እሷ ያለችው ነው የሚሆነው። ወይ በኩበት አብስዪ፣ ወይ ተራሽን ልቀቂ አለችኝ።

እኔስ መቼ ዝም እላለሁ። «አስካለ፣ ኩበቱን በምን እጅሽ ነው የምትጠፈጥፊው? ሊጡንስ?» አልኳት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። «የላም እበት ሣር ነው። ያንቺ የሰው ነው» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በተለየ ድምፅ፣ ቀጣይዋ ደጋሽ እሷ መሆኗን አስታወሰችኝ። ጽዋውን ከእጄ ካልተቀበለች ከማኅበሩ ወጣሁ ማለት ነው።

እናቴ የነበረችበት ማኅበር ነው፤ ስትሞት ቦታዋን እኔ ወረስኩ። ስታመም የሚጠይቁኝ፣ ስሞት የሚያለቅሱልኝ እነሱ ናቸው። ታውቃለች እኮ! አውቃ ነው የነካችኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ ሽፈራው መላ አለኝ ብሎ መጣ። ወጡን በጋዙ ሥሪው፣ ደጅ ግን ኩበት አንድደሽ ጭሱ ለመንደሩ ይታይ፣ ማን ያውቃል ይለኛል። ለይምሰል ጭስ! እስክደክም ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ተቆጣሁ። ሰርቄ ነው እንዴ የምደበቅ? የማበላውን ሰው አታልዬ ላበላ? ያውም በማርያም ቀን? እሱ እንደሆነ ሲቆጡት ጋቢውን ተከናንቦ ወደ በጎቹ ነው የሚሄድ። ሄደ።

ማታ የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው። የተከለከለ ነው አልልም አሉ። ደግሞ አድርጊው ብዬም አልልም አሉ። እንግዲህ ምን ይላሉ ብላቸው ስለ ውርጩ አነሱብኝ፤ ዘንድሮ ብርዱ ቀደም ብሎ መጣ። አባ፣ እርስዎስ ይመጣሉ? ብርዱ በእርግጥ ከባድ ነው አሉኝ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ጾም ገብቷል። አባም እውነታቸውን ነበር፤ ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት አደረ። ጋዙ ደከመ። እሳቱ እንደ ጧፍ ሆነ፣ አንድ ድስት ሽሮ እስኪንተከተክ ረፋዱ አለፈ። ሲበርደው አይብላላም፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ መጥቶ የሠራልኝ ልጅ ነግሮኝ ነበር። ለማኅበር ወጥ ይህ እሳት አይሆንም። ያን ቀን ቢጠፋብኝ ደግሞ አስካለ ምን እንደምትል ልንገርሽ? እመቤታችን ራሷ አጠፋችው ትላለች።

ሰፈሩን ቁልቁል አየሁት። ልጅ ሳለሁ እንጨት የምንለቅምበት ተረተር አሁን መላጣ ነው። ባሕር ዛፉ ለቤት መሥሪያ ተሸጠ። የቀረን ኩበት። ኩበቱን ስናነድ ደግሞ እርሻው ምን ይብላ? እኔ ከጉድጓዱ የሚወጣውን ዝቃጭ ገብሱ ላይ ደፍቼ የዘንድሮውን ዛላ ሰው ቆሞ አይቶታል፤ አስካለም አይታለች። የመብራቱ ሽቦ በላያችን አልፎ ይሄዳል፣ ወደኛ መቼ እንደሚወርድ የሚነግረን የለም። ስልክ በሶላር ሲሞላስ ማን ተጸየፈ? ፀሐይዋ የሁሉ ናት፣ እበቱም የሁሉ። የእትዬ ዘነበች የልጅ ልጅ፣ ያ ጨቅላ፣ እሱም አድጎ ዓይኑን ያሽ? እንቢ። እንቢ ብያለሁ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ሥራ ላይ ነኝ። ጉድጓዱን ገለባ አለበስኩት፣ በላዩ የበግ በጠጥ ፍግ፣ በላዩ ማታ የምንለብሰውን የሱፍ ባና። የሽፈራውን ባና። «የኔን ባና ለእበት?» ብሎ ጮኸ። አንተ እኔን ታቀፍ አልኩት፣ አፈረ። ውሃውንም በጄሪካን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አውዬ፣ ሲሞቅ እበቱን በእሱ እበጠብጣለሁ። እጄ ይሸታል፣ ይሽተት።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ነደደ! ዛሬ ድስቱን እስከ ላይ ላሰው። እልል ብዬ ጎረቤት አስደነገጥኩ።

እንጀራው በኩበት ነው የተጋገረ፣ የኔ ምድጃ ለእንጀራ አይሆንም። ጠላውም ጋዙ በደከመ ሰሞን በኩበት ተጠምቋል። ምስሩና ሽሮው ግን በጋዙ። ለማኅበርተኛው ሁሉ እንዲሁ ብዬ ላክሁ፣ ምንም አልደበቅሁ። የሚበላ ይብላ፣ የማይበላ ጠላ ይጠጣ፣ የማይመጣም ደህና ይዋል።

ኅዳር 21፣ እሑድ። ማታ

ደክሞኛል፣ አጭር ነው።

ወንበሩ ግማሹ ባዶ ዋለ። የመጡትም መጀመሪያ እንጀራውን ብቻ እየቆረሱ ወጡን ይዞሩታል። አባ ግን መጡ! ባርከው አንድ ጉርሻ ጎረሱ። ሁሉም አፋቸውን ያያል። አላመጡ፣ ዋጡ፣ ምስሩ ጨው አንሶታል አሉ። ከዚያ በኋላ ወጥ አልተረፈኝም።

እትዬ ዘነበች እጃቸውን ሰው ይዟቸው ገቡ። አልበላም አሉ፣ አልበሉም። ግን ወጥ ቤት ልቀመጥ ብለው እሳቱ ዳር ሲያማስሉልኝ ዋሉ። ሲወጡ፣ ይሄ እሳት አያናግርም፣ ዝም ያለ ነው አሉኝ።

ጽዋ መስጫው ደረሰ። አባ ተነሥተው አስካለን በስሟ ጠሩ። አልመጣችም። ደግመው ጠሩ። ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። የእናቴን ቦታ አየሁና አለቀስኩ ልልሽ ነበር፣ አላለቀስኩም። ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁ። ለኔው ይስጡኝ አባ፣ ታኅሣሥንም እኔ እደግሳለሁ አልኩ። አንዷ ወጉ አይደለም ብላ አጉረመረመች። ከማኅበር ሰው ማስወጣትስ ወጉ ነው? አልኳት። አባ ጽዋውን ሰጡኝ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ። ረፋድ

ሰው ሲገባ ሲወጣ ነው ያረፈድኩት። አባ ረስተውት የሄዱትን መቋሚያ ሊወስዱ መጡ፤ ድስት ውስጥ የቀረ ምስር አለ ወይ አሉኝ፣ አልተረፈም፣ አዲስ ሠርቻለሁ፣ ዛሬ ጨው ጨምሬበታለሁ አልኳቸው። እትዬ ዘነበች ለአራሷ የአጥሚት ድስት ይዘው መጡ፣ እኔ አይደለሁም የምጠጣው ብለው ሁለቴ ነገሩኝ።

አሁን ደግሞ የአስካለ ምራት ከአጥር ውጭ ቆማ መልእክት አመጣች። ዓመቱን ሙሉ ብትደግስም ከእጇ አልቀበልም ብላለች አለችኝ። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ነው የነገረችኝ፣ ምን ታድርግ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሁለት ላም እበት ይበቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይበቃል አልኳት። ለአማትሽ ደግሞ እንዲህ በያት፦ ዓመቱን ሙሉ እደግሳለሁ፣ ወንበርሽም እንደተዘረጋ ነው፣ እሳቱም ያው ነው።