የሁዳዴ ኳስ

ሰኞ፣ የካቲት 30

ደግሞ ተሸነፍን። አርብ ገበያ ከተማ ድረስ ወርደን፣ አንድ ለባዶ ስንመራ ቆይተን፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ገባብን። እንዴት እንደገባብን እንኳ መጻፍ አልፈልግም። የልጆቹ እግር አልታዘዝ አለ። ተከላካዬ ጌታቸው ኳሷ በአጠገቡ ስታልፍ ቆሞ ያያታል፤ መንገድ የሚለቅላት ነው የሚመስለው። "ሩጥ!" ስል ጉሮሮዬ ተዘጋ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለየሺ ውጤቱን የነገርኳት በጣቴ ነው።

ሁዳዴ ከገባ ወዲህ አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም። ከዚያ በፊት ማን ይነካን ነበር! ሠንጠረዡ መሃል ላይ ተደላድለን ተቀምጠን ነበር። አሁን ከወራጆቹ በአንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብለን ተንጠልጥለናል። ዓርብ እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ በሜዳችን፣ ከመካነ ኢየሱስ ጋር የመጨረሻውን እንጫወታለን። አቻ ከወጣን እንቆያለን። ከተሸነፍን እንወርዳለን። ከወረድን ደግሞ ቡድኑ ይበተናል። ይህንን የቡድኑ መሪ ዛሬ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ጮክ ብሎ ተናገረ። ቢያንስ ከመኪና እስክንወርድ ቢጠብቅ ምን ነበረበት?

ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ በረኛችን ከድር ቴምሩን ከኪሱ አወጣና ለሁላችን አንድ አንድ አዳረሰን። እሱም ረመዳኑን ይዟል፤ ሌሎቹ በሁዳዴ፣ እሱ በረመዳን። ሙሉ ቡድን ጿሚ ይዤ ሊግ እጫወታለሁ። ይህ ለማን ነው የሚነገረው?

ከልጆቹ ግማሾቹ ከስማዳ የመጡ ናቸው። የሚያድሩት ቡድኑ በተከራየላቸው ቤት ነው፤ የማታ ትምህርት የሚማሩት ቡድኑ ስላለ ነው። ቡድኑ ከፈረሰ ሻንጣቸውን ይዘው ወደመጡበት ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳ አስወጣኋቸው። ዳገት ሩጫ፣ ከዚያ ፍጥነት፣ ከዚያ ደግሞ ዳገት። ለነገሩ ሳንባቸው ነው የላላው፤ ሳንባ ደግሞ ካልሮጡ አይጠነክርም። ከሦስት ሳምንት ጀምሮ በየጠዋቱ እየጨመርኩላቸው ነው የመጣሁት። ጌታቸው መሃል ላይ ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ። "ተነስ" አልኩት፤ ተነሳ። ሲነሳ አየሁትና አንጀቴን በላኝ። ግን ዓርብ አለ፤ ማዘን የሚቻልበት ሳምንት አይደለም።

ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ሊጉ ጽሕፈት ቤት ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስቴ ቆረጠኝ። ጨዋታው እሑድ ይሁንልን አልኩ፤ እሑድ ከሆነ ልጆቹ ከቅዳሴ መልስ በልተው ይገባሉ። አይሆንም። እንግዲያው ዓርብም ቢሆን ከዘጠኝ ሰዓት ወደ አሥራ አንድ ይገፋልን አልኩ። አይሆንም። የመጨረሻው ዙር ሁሉም ሜዳ ላይ በአንድ ሰዓት ነው የሚጀመረው፤ ደንብ ነው። ሰውየው ትሑት ነው፣ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ መልሼ እቆጣው ነበር።

ከሰዓት ሌላ ጉድ ፈላ። አጥቂዬ አማረ መጣ፤ ዲያቆን ነው። በዚህ ሳምንት ሰሞነኛ ነኝ አለኝ፤ የቅዳሴ ተራው የእሱ ነው ማለት ነው። በጾም ቅዳሴ የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። ስለዚህ ዓርብ ጨዋታው ሲጀመር አጥቂዬ መቅደስ ውስጥ ነው! "ሌላ ሰው ይግባልህ" አልኩት። የኔታ ካልፈቀዱ አልችልም አለ። የኔታ ያስተማሩት መምህሩ ናቸው፤ እሳቸውን የማያከብር ሰው በዚህ ከተማ የለም። እኔም አከብራቸዋለሁ፣ ግን ፈራኋቸው። ነገ ሄጄ እለምናለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

ጠዋት ልጆቹን አሯሩጬ ስጨርስ ወደ የኔታ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው እያስተማሩ ነበር። ቆሜ ጠበቅሁ። ጉዳዬን ስነግራቸው ቀላል ነው አሉ፤ ሌላ ዲያቆን ይተካለታል፣ አማረ በሚቀጥለው ሰሞን ይክሳል። እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብዬ አልጠበቅሁም ነበርና ልቤ አበጠ። በዚያው መመለስ ሲገባኝ፣ ሌላም ጨመርኩ። ልጁ ዓርብ ጠዋት ትንሽ ቢቀምስ፣ እንዲያው ለአንድ ቀን፣ ለቡድኑ ሲባል፣ ምናልባት ለሌሎቹም ጭምር ቢፈቀድላቸው አልኳቸው።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩኝ። "ልጁ ታሟል?" አሉኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፤ አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አሞታል ብል ምን ይጎድላል? ተማሪዎቹ ሁሉ ዞረው ያዩኛል። አልወጣልኝም። "አልታመመም፣ የኔታ" አልኩ።

"እነዚያ ከመካነ ኢየሱስ የሚመጡትስ፣ አይጾሙም?"

"ይጾማሉ" አልኩ።

"እህ" አሉና ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ። ሌላ ምንም አላሉኝም።

መንገድ ላይ ቆሽቴ አረረ። በማን እንደሆነ አላወቅሁም። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ አርብ ገበያ ያሸነፉንን አሰብኩ፤ እነሱም ጾመው ነበር። ከዚያ በፊት ያሸነፉንም ጾመው ነበር። ሊጉ ሙሉ በሙሉ ጿሚ ነው! አንድም ሰው በልቶ አይጫወትብንም። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጾሙን ስረግም ከረምኩ፤ እግዚኦ፣ ይቅር በለኝ።

ታዲያ እኛ ምን ነካን? ሰኞ የአርብ ገበያው አሠልጣኝ ስንጨባበጥ ያለኝ ትዝ አለኝ። እኛ በጾም ልምምድ የምንሠራው ወደ ማታ፣ ከቀመሱ በኋላ ነው ብሎኝ ነበር። በልቤ ሰነፍ ብዬው አለፍኩ። የእሱ ልጆችም ከጨዋታው በፊት ጥላ ሥር ተጋድመው ነበር፤ የእኔዎቹ ሲሯሯጡ። እኔ በባዶ ሆዳቸው ጠዋት ጉልበታቸውን እጨርስና እስከ ዘጠኝ ውኃ ሳይቀምሱ አውዬ "ሩጡ" እላለሁ። በተሸነፉ ቁጥር ደግሞ ሩጫውን እጨምርባቸዋለሁ። እንዴት ያለሁ ደንቆሮ ነኝ!

አሁን ምን ይደረጋል? ሁለት ቀን ቀረኝ። በሁለት ቀን የሦስት ሳምንት ድካም አይመለስም። ለአምበሉ ደወልኩና እስከ ዓርብ ልምምድ የለም፣ ተኙ አልኩት። "ኮች፣ ተቀይመውን ነው?" አለ። አይደለም አልኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደለመድኩት ነቃሁ። የምሄድበት የለም። ግቢ ጠረግሁ። የሺ ያላዘዘችኝን እንጨት ፈለጥኩ። "ሰውነትህን ለምን ታሠቃየዋለህ፣ ዓርብ የምትጫወተው አንተ ነህ እንዴ?" አለችኝ። ሳቅሁ፣ ግን ውስጤ አልሳቀም። አሠልጣኝ ማለት ምንም ሳይሠራ መቀመጥ ሲያቅተው የሚፈጠር ሰው ነው መሰለኝ።

እንደ ልማዴ ወደ ደብረ ታቦር መውጫ በእግሬ ወጣሁ። ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ጌታቸውን! ብቻውን ዳገቱን ይሮጣል። ሲያየኝ ቆመ። "ምን ታደርጋለህ?" አልኩት። ሰኞ የተሸነፍነው በእኔ ነው፣ ጥፋቴን ላካክስ ብዬ ነው አለኝ። በአንተ አይደለም፣ በእኔ ነው ልለው ፈልጌ ነበር። ያልኩት ግን "ቤትህ ግባ፣ አሁኑኑ" ነው። እንደሌባ እስከ በሩ ድረስ አጅቤ አስገባሁት።

ስምንት ሰዓት ግድም ሁሉም ተሰብስበው ቤቴ መጡ። ከድር ከፊት፣ አማረ ከኋላ። ከድር "ኮች፣ ፈረሰ እንዴ? ቁርጡን ይንገሩን" አለ። ልምምድ የቀረው ቡድኑ ስለፈረሰ ነው ብለው አስበዋል! አንዱ ለቤተሰቦቹ ደውሎ፣ እሑድ እመጣለሁ ብሏል። ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ስለ ዕረፍት፣ ስለ ጉልበት ተናገርኩ። ፊታቸውን ሳይ አንድም ቃል አልገባም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ካልሮጣችሁ አትረቡም ያልኳቸው ሰው ነኝ እኮ፣ ዛሬ ተኙ ስላቸው እንዴት ይመኑኝ?

የሺ ከጓዳ ወጣችና "አልፈረሰም። ይልቅ ሂዱና ተኙ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ደህና አድርጋችሁ ብሉ" አለቻቸው። እሷን አመኗት። ሄዱ።

ዓርብ፣ መጋቢት 4

አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ገባብን። ደሜ ፈላ፣ ግን ድምፄ ገና በቅጡ ስላልተመለሰ መጮኽ እንኳ አልቻልኩም። ከዕረፍት መልስ አማረ አገባ፣ በግንባሩ። አንድ ለአንድ። ከዚያ በኋላ የቀረችው ጊዜ ዕድሜዬን በላችው። ሰዓቴን አየሁ፤ ሁልጊዜ የምንሞትባት ሰዓት ደረሰች። ልጆቹ ይሮጣሉ! ጌታቸው ኳስ ነጥቆ ሲሄድ አየሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን አለቅስ ነበር።

ደስታዬ አልቆየም። ወደ መጨረሻው እነሱም እኛም አለቅን። ሃያ ሁለቱም ይራመዳሉ። ኳሷ ብቻ ናት የምትሮጠው፣ እሷንም ነፋሱ ነው የሚያስሮጣት። ሕዝቡ ሳቀ። በዚህ መሃል ከድር ወደቀ፤ ባቱ ተሳሰረ። ወጌሻው ሮጦ ገባ። ውኃ አቀረበለት፣ ከድር በእጁ ገፋው። ለበረኛው መቀየሪያ የለኝም፤ የተፈቀዱልኝን ሁሉ ጨርሻለሁ። "ትችላለህ?" ብዬ በምልክት ጠየቅሁት። የግቡን ብረት ተደግፎ በአንድ እግሩ ቆመ።

የማዕዘን ምት አገኙ። የመጨረሻዋ ናት፣ ዳኛው ሰዓቱን እያየ ነው። እኔ መስመሩ ላይ ቆሜያለሁ። ምን ላድርግ? ምንም። የማውቀው ነገር ሁሉ ለዚያች ሰዓት አይጠቅምም። ኳሷ ተመታች። ከከድር ራስ በላይ፣ በቀጥታ ወደ ግቡ ሩቅ ማዕዘን ታመራለች፤ ከድር መዝለል አይችልም፣ እጁን ብቻ ዘረጋ። ገባች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ነፋሱ አነሳትና ከግቡ ብረት በላይ አሳልፎ ወደ ኋላ ወሰዳት። ዳኛው ነፋ። አለቀ።

ቆየን! ተቀመጥኩ፣ እዚያው ሣሩ ላይ። ልጆቹ ተሸክመው አነሱኝ፤ በዚያ ጉልበታቸው፣ ሁለቴ ሊጥሉኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

አቦ ነው ዛሬ፣ ዓመታዊው። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስወጣ ሰው ሁሉ ያቅፈኛል። ቡድን መሪው አንድ የከተማውን ኃላፊ ይዞ መጣ። ቡድኑ አይበተንም፣ ነገሩ አልቋል አሉኝ። ይህን ስሰማ ትንፋሼ ተመለሰ። ወዲያው ከድርን ፈልጌ፣ የስማዳ ልጆችን ፈልጌ ልነግር እግሬ ቸኮለ።

ኃላፊው ግን እጄን አልለቀቀም። "በሦስት ሳምንት ያልተሮጠውን በአንድ ቀን አስሮጥካቸው። ምን አሠራሃቸው?" አለ።

"ምንም" አልኩ።

ሳቁ። ቡድን መሪው ትከሻዬን መታ መታ አደረገ፤ እንዲህ ነው ትሕትናው አለ። ምንም አላሠራኋቸውም፣ አስተኛኋቸው እንጂ ብዬ ደገምኩ። ይበልጥ ሳቁ። ከዚያ ኃላፊው ቁም ነገር ያዘ፤ ይህ ተሞክሮ ተቀምሮ ለሌሎች ቡድኖች መዳረስ አለበት አለ። ማክሰኞ አሠልጣኞች ይሰበሰባሉ፣ ልምዴን አቀርባለሁ። አዳራሹም ተይዟል አሉኝ።

ቤት ገብቼ ለየሺ ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ፊቴን አየችና አቆመች። እውነቱን ንገራቸው አለችኝ።

የትኛውን? ልጆቹ ስለተኙ ነው? እነዚያም ስለደከማቸው ነው? ወይስ ነፋሱ? ነፋሱ ባይኖር ዛሬ ሻንጣ እያሠርን ነበር፤ ልጆቹም ስለ እኔ ምንም ክፉ አይናገሩም ነበር፣ በእኛ ጥፋት ነው ብለው ይሄዱ ነበር። ማክሰኞ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ምን እንደምል አላውቅም።