ሳይነቀል የሚለቀም ድንች

እናቴ፣ እምዬ፤

ከተለየሽን ግንቦት ወጣ፤ ሰኔና ሐምሌም አለፉ። አሁን ነሐሴ እየተጋመሰ ነው። ስንቀብርሽ ዶማ አልገባ ያለው መሬት ዛሬ ጭቃ ሆኗል፤ መቃብርሽ ላይም ሣር በቅሏል። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያለሽበት ከኛ ቤት እንደሚሻል አምናለሁ። ይልቅ የኛን ልንገርሽ።

እኅቴ ጥሩ በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ ነው። ባሏ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ እንዳለ ነው፤ መውለዷን ይስማ አይስማ አናውቅም። ዓይኑ ያንቺ ነው ትላለች። እኔ ዓይኑ የት እንዳለ ገና እየፈለግሁ ነው ብላት፣ አባባ ያንተም እንደዚያው ነበር ብለው ሳቁብኝ። ካንቺ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ችግሩ የጥሩ ጡት ነው። ጎተራው በጥር እንደተቃጠለ ታውቂያለሽ። ላሟን ደግሞ አንቺን በቀበርን ሰሞን የቡሬ ምሽግ የጣሊያን ወታደሮች ነዷት። ጎረቤት ያዋጣልን ገብስ ለአራሷ ገንፎ ሆኖ አለቀ። ጤፉ እስከ ኅዳር አይደርስም። እስከዚያ ያለን ሳትታመሚ በፊት ጓሮ የተከልሽው ድንች ብቻ ነው። ጥሩ ካልበላች ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ ደግሞ ልጁ… የቀረውን ልጽፈው አልችልም።

ከአባባ ጋር የተጣላነው በዚሁ ነው። ወታደሮቹ የአርበኛ ቤት ሊያስሱ ወደ ገጠር ሊወጡ ነው የሚል ወሬ ከቡሬ ገበያ መጣ። አባባ ድንቹን ዛሬውኑ ነቅለን ዋሻ እናስገባው አሉ። እኔ አበባው እንኳ አልረገፈም፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሁን፣ ትንሽ እንታገሥ አልኳቸው። እሳቸው ግን፣ «የጣሊያንን በቅሎ ከምቀልብ የባቄላ ፍሬ የሚያክለውን ብበላ ይሻለኛል» አሉኝ። አንቺ ብትኖሪ አንድ ሥር ገልጠሽ፣ ልጣጩን በአውራ ጣትሽ ሸርተት አድርገሽ ትፈርጂን ነበር። የተላጠው ለድስት እንጂ ለማኖር አይሆንም፤ እንቢ ያለው ደርሷል ትይ ነበር። ዱባውንም በጥፍርሽ ነበር የምትጠይቂው። ቤቱ ዳኛ አጣ፣ እምዬ።

የዓምናው ክረምት ትዝ ይለኛል። ቅኔ ተቀኝቼ፣ አስመስክሬ፣ መምህሬ መርቀው የላኩኝ ሰሞን ነው። ከዋርካው ሥር ልጆች ሰብስቤ ላስተምር፣ ጫካም ልገባ፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ላደርግ እቁነጠነጥ ነበር። አንቺ እጄን ይዘሽ ወደ ጓሮ ወሰድሽኝ። ተንበረከክሽና የመደቡን ጎን በጣቶችሽ ከፈትሽ፤ እጅሽ እስከ አንጓው አፈር ውስጥ ገባ። ፊትሽን ወደ ተራራው አዙረሽ፣ የሩቅ ድምፅ እንደሚሰማ ሰው እየዳበስሽ ፈለግሽ። ከዚያ እንቁላል የምታክል አንዲት ድንች አውጥተሽ አፈሩን መለስሽና መታ መታ አደረግሽው። ተክሉ ንቅንቅ አላለም። እኔ ስሞክር ግን ሥሩን ጎትቼ አወጣሁት። «ብራና ብቻ የለመደ እጅ፤ እናቱን ተዋት፣ ዳር ዳሩን ልቀም» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እናቱ የምትያት የተተከለችውን፣ ሌሎቹ የተወለዱባትን ዘር ነበር።

እኔና አባባ ሳንስማማ ወታደሮቹ መጡ። ጥሩንና ልጁን ይዘን ፈፋው ውስጥ አደርን። ስንመለስ ቤቱ አለ፤ ክዳኑ በዝናብ ስለራሰ እሳት አልያዘውም። በቅሎዎቻቸውን ግን ጓሮ ለቀውብን ነበር። ቅጠል የሚባል አልቀረም፤ መደቡ ሁሉ ተረግጧል። አባባ አጥሩ ሥር ቁጭ አሉ። ነግሬህ ነበር ቢሉኝ በወደድሁ። «ይሁና» ብቻ አሉ።

እኔ ገብቼ ተንበረከክሁ። መጀመሪያ ጭቃ ብቻ ዘገንሁ። ቀጥሎ ጣቴ ለስላሳ ነገር ነካ፤ ሳልይዘው ፈረሰብኝ። አንቺ በእጅሽ ያኖርሻት ዘር ነበረች፤ ያላትን ሁሉ ሰጥታ ልጣጭና ውኃ ሆናለች። እዚያው አለቀስሁ። በዙሪያዋ ግን ትናንሾቹ አሉ፣ እምዬ። በቅሎ ከላይ ያለውን እንጂ ከታች ያለውን አልበላም። ከዳር ያለችውን ለቀምሁና አፈሩን መለስሁ። አባባም መጥተው አጠገቤ ተንበረከኩ።

አሁን የቸገረኝን ልጠይቅሽ። ቅጠል የሌለው ድንች ከእንግዲህ አያድግም። ታዲያ በዚህ ዝናብ ምን ያህል ጊዜ አፈር ውስጥ ይቆያል? ሁሉን እንዳናወጣው ልጣጩ በጣት ይላጣል፤ ቤት ቢገባ ይበሰብሳል። እንዳንተወው የታችኛው መደብ መሽተት ጀምሯል። እሱን ትናንት ለቅመን ጨረስን፤ ግማሹ ተጥሏል። ለላይኛው ቦይ ቆፍሬ ውኃውን አስወጣሁ። ጠዋት ጠዋት አንቺ ታደርጊ እንደነበረው ጭብጥ አፈር አንሥቼ አሸታለሁ። ምን እንደምፈልግ ግን አላውቅም፤ አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልጠየቅሁሽ።

የተቀቀለው ሁሉ ለጥሩ ነው። እኔና አባባ ረሀባችንን በፍልሰታ አሳበናል፤ ጾሙ ሲፈታ በምን እንደምናሳብብ እንጃ። ተዝካርሽንም አላወጣንም፤ ይቅር በይን። ጥሩ ሳትወልድ ባሏ ወደ ጫካ ና ብሎ ሰው ልኮብኝ ነበር። እግሬ እየተቁነጠነጠም ቢሆን፣ ጤፉ ሳይገባ ከዚህ ቤት አልወጣም ብዬ መለስሁለት።

ዛሬ ማለዳ ልጁ ጠብቶ ጠብቶ ጡቱ አፉ ውስጥ እንዳለ ተኛ። የነገውን አላውቅም። አልረሳሽም፣ እምዬ። ልጁ ቆሞ ሲሄድ እዚያ መደብ ላይ አንበርክኬው፣ በማን እጅ በተተከለ እንዳደገ እነግረዋለሁ። አንቺ ቆሞ እንዲሄድ ብቻ ለምኝልኝ።

ልጅሽ ይባቤ