ለትርንጎ የፈጠርኩላት መጨረሻ

መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ
የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ውድ ንግስት፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። የቀረውን አንብበሽ ስትጨርሺ ራስሽ ትፈርጂዋለሽ።

በጥቅምት ሦስቱን መጻሕፍት ከደብረ ታቦር ስትልኪልኝ «ማሞገስሽን አልፈልግም፤ እንደ ድሮው የተሰማሽን ጻፊልኝ» ብለሽ ነበር። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን በአንድ መጽሐፍ የተነሳ ሳምንት ሙሉ ስንኮራረፍ ትዝ ይልሻል? ያንን ጠብ በደብዳቤ ልንቀጥል ነበር ውላችን። አንቺ ውልሽን ጠበቅሽ። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ዝም አልኩ፤ ደጋግመሽ ስትጠይቂኝም «ፈተና እያረምኩ ነው» ብዬ ጻፍኩልሽ። ፈተናው ታርሞ ካለቀ ቆይቷል። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው።

ቀላሉን ላስቀድም። ሰማያዊ ሽፋን ያለውን የምክር መጽሐፍ አልወደድኩትም። ጸሐፊው በየምዕራፉ መጨረሻ «ስለዚህ አንባቢ ሆይ» እያለ ይመጣብናል፤ እህሉን ራሱ አኝኮ ሊያጎርሰን የሚፈልግ ይመስላል። አከራዬ እማማ መሰለች አንድ ምዕራፍ ካነበብኩላቸው በኋላ «ይኸ ሰውዬ ሚስት የለውም እንዴ? ለሷ አይነግራትም?» ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። እኔ ከዚህ የተሻለ አስተያየት አይወጣኝም። የግጥሙ መጽሐፍ ግን ጥሩ ነው፤ በተለይ እርሻ ላይ ስለወደቀው በሬ የተጻፈው። አንዳንድ ቦታ ቤት እንዲመታለት ብሎ ቃሉን ያጎብጠዋል እንጂ፣ ሰውየው ሞፈር ጨብጦ እንደሚያውቅ ያስታውቃል። እዚህ ላይ ልትከራከሪኝ እንደምትችዪ አውቃለሁ፤ ተከራከሪኝ።

ሦስተኛው የትርንጎ መጽሐፍ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

የምኖረው በእማማ መሰለችና በባላቸው በአቶ አበጀ ግቢ ውስጥ ነው፤ ክፍሌ ከግቢው በር አጠገብ ናት። ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማ መሰለች ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወይራው ጥላ ሥር ጥጥ ሲፈትሉ አገኛቸዋለሁ። አንድ ቀን «ብቻሽን የምታጉረመርሚውን እስቲ ለኛም ጮክ በይበት» አሉኝ። ጮክ አልኩበት። ከዚያ ወዲያ የፈትሉ ሰዓት የእኔ ሰዓት ሆነ። ልጃቸው ብርቄ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ትፈትላለች። ዐሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ለአንድ የአርብ ገበያ ነጋዴ ታጭታ ሰርጓ ለጥር ተቆርጦ ነበር፤ ሰውየው የአባቷ እኩያ ነው። ስለዚህ ነገር ግን አንድም ቀን ስትናገር አልሰማኋትም።

ትርንጎን ታውቂያታለሽ። ላልወደደችው ባለጸጋ ስትዳር በሰርጓ ዋዜማ ትጠፋለች፤ ተንከራትታ ተንከራትታ ወደ አባቷ ደጅ ትመለሳለች፤ አባቷ አይከፍትላትም፤ ሲነጋ ደጁ ላይ ብርድ ገድሏት ትገኛለች። የመጨረሻውን ምዕራፍ አስቀድሜ ለብቻዬ አንብቤ አልቅሼበት ነበር። በማግስቱ ስመጣ ሴቶቹ እንዝርታቸውን አቁመው ይጠብቁኛል። «አደራ እንዳትሞትብን!» አለችኝ አንዷ፣ የትርንጎ ነፍስ በእኔ እጅ ያለች ይመስል። ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ። ንግስት፣ አልቻልኩም። ዓይኔን መጽሐፉ ላይ ተክዬ፣ ገጹን እየገለጥኩ፣ የሌለውን አነበብኩ። ትርንጎ በቀትር ብቻዋን ወደ አባቷ ደጅ መጣች አልኩ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ፤ ደክሞኛል» አለች አልኩ። አባቷ ውርደቱን ረስቶ፣ ማዕዱን ትቶ፣ ሮጦ ከፈተላት አልኩ።

እማማ መሰለች ብቻ «እንዴ! ሽማግሌ ሳትልክ? ድንጋይ ሳትሸከም?» ብለው ጠየቁ።

የበደለ ሰው ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ላይ እንደሚወድቅ እኔም አንቺም ከልጅነታችን እናውቃለን። ሽማግሌዎቹን ያላስገባሁት ረስቼ አይደለም። እነሱ ገብተው፣ ነገር አስረዝመው፣ ምርቃት ሲያበዙ ታሪኩ የሚቀዘቅዝብኝ መሰለኝ። ስለዚህ ዓይኔን ከገጹ ሳልነቅል «አባት ልጁን ሲወድ ሽማግሌ ምን ያደርጋል?» ብዬ ይህንንም አነበብኩላቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ለትርንጎ ነበር፤ እኔ ግን ለራሴ ወሰድኩት። የዚያን ቀን እንዴት ደስ ብሎኝ እንደዋልኩ ሳስታውስ ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

ጥር ገባ። ዳስ ተጥሎ፣ ጠላው ደርሶ፣ ብርቄ ጠፋች። የሙሽራው ወገኖች በቅሎ ሸልመው መጥተው ባዶዋን ይዘዋት ተመለሱ። አቶ አበጀን በገዛ ዳሳቸው ውስጥ ያልሰደቧቸው ስድብ የለም። ሰውየው ከዚያ በኋላ ገበያ መውጣት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳምም ተዉ። ስለ ልጅቷ ያሰብኩት ጥቂት ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽና፣ በልቤ «ጎበዝ!» ብያታለሁ።

በጥር መጨረሻ አንድ ቀን በቀትር፣ ሴቶቹ ወይራው ሥር እየፈተሉ፣ እኔም ሌላ መጽሐፍ እያነበብኩ፣ አቶ አበጀም ቤት ውስጥ ምሳ ቀርቦላቸው ሳለ፣ የግቢው በር ተንኳኳ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ፤ ደክሞኛል።»

ድምፁ የብርቄ ነበር። ቃሉ የእኔ ነበር። መጽሐፉ ከእጄ ወደቀ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዷ ፈገግ ስትል አየኋት፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ሁላቸውም የሚያውቁት መስሏቸዋል። አቶ አበጀ ወጡ። በሩ ድረስ ሄደው እጃቸውን መወርወሪያው ላይ አሳረፉ። ቆሙ። ከበሩ ማዶ የጎረቤት ሰው ተሰብስቦ ሲያጉረመርም ይሰማል። ዘወር ብለው ሴቶቹን አዩ፤ እኔንም አዩኝ። ከዚያ መወርወሪያውን ገፋ አድርገው አጠበቁትና ወደ ቤት ተመለሱ።

«ማነው?» አሉ እማማ መሰለች፣ ማን እንደሆነች እያወቁ።

«ደጅ ማንም የለም» አሉ አቶ አበጀ። «ከእንግዲህም በዚህ በር አትገባም፤ በኢየሱስ ታቦት!»

እማማ መሰለች ወደ እኔ ዞሩ። «አስተማሪ፣ መጽሐፉ ላይ ከፍቶላት አልነበር?»

ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? «አዎ» አልኩ። ውሸቴን በውሸት ደገምኩት።

«እንግዲያው የመጽሐፉ አባት ከኔ ባል ይሻላል» አሉና እንዝርታቸውን ጥለው እያለቀሱ ልጃቸውን ሊያዩ በጓሮ ወጡ። እስከ ዛሬ ለባላቸው ምሳ ሲያቀርቡ ፊታቸውን አያዩም። አየሽ፣ ልጅቷን ከአባቷ፣ ሚስቲቱን ከባሏ ነጠልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔው ደግሞ ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ ሆን ብዬ፣ አሳምሬ፣ ድምፄን እያወዛወዝኩ ያደረግሁት ነው።

የደብሩ መርጌታ ተክለ ማርያም ሊያስታርቁ ቢሄዱ አቶ አበጀ ምን አሏቸው መሰለሽ? «ሽማግሌ ልካ፣ ድንጋይ ተሸክማ ብትመጣ ምን አቅም ነበረኝ? እኔም እኮ ደጅ ደጁን ሳይ ነበር የከረምኩ። አገር ተሰብስቦ እያየኝ ባዶ ትከሻዋን መጥታ ብከፍትላት፣ ያ ሁሉ ስድብ ይገባሃል ማለት አይደለም?» ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ አሉ። አሁን ደግሞ በታቦት ምለዋል። መርጌታም «መሐላው ይቀዝቅዝ፤ የከርሞ ሰው ይበለንና እኔው ራሴ ሽማግሌ ይዤ እመለሳለሁ» ከማለት በቀር የሚያደርጉት አላገኙም።

እስከዚያ ብርቄ መውደቂያ የላትም። የተጠለለችው ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ከመነኩሲቷ ከእማሆይ ተሾመች ጎጆ ነው፤ እዚያም የነጋዴው ዘመዶች እየመጡ ያስፈራሯታል። ልጠይቃት ብዬ ሳይሆን ልናዘዝላት ብዬ ትናንት መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ። ስትጠፋ የሄደችው ስማዳ፣ ከአክስቷ ከፋንቱ ዘንድ ነበር። አክስቷ «ቆዪ፤ የወንድሜን ኩራት አውቀዋለሁ፤ ሽማግሌ ልላክልሽ» ብላ ለምናት ኖሯል። ብርቄ ምን ብላ እንደመለሰችላት ስትነግረኝ አንገቴን ደፋሁ። «አባት ልጁን ሲወድ ሽማግሌ ምን ያደርጋል?» ብላ ነው በጠዋት ተነስታ የመጣችው። አሁን አቶ አበጀ «የደበቃት ዘመዴ አይደለም» ብለው ስለላኩባት፣ አክስቷም ዳግመኛ ልታስጠጋት ፈርታለች።

የመጨረሻውን ምዕራፍ እንዳለ አነበብኩላት። ምንም አልጨመርኩም፤ ምንም አልቀነስኩም። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ እንኳ ሆን ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስላት ፈራሁ። ስጨርስ ጠየቀችኝ።

«እና አልከፈተላትም?»

«አልከፈተላትም።»

«ታዲያ ምነው ዋሹኝ፣ እትዬ?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። «አዝኜላት፣ ሴቶቹ አሳዝነውኝ፣ አንቺን አይቼ» ማለት እችል ነበር። ይህ ሁሉ ጥቂት ጥቂት እውነት አለበት። «እልልታ ወድጄ» አልኳት። አልተቆጣችኝም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ያመጣሁላትን ቆሎ ቆርጥማ፣ «ቢሆንም የርስዎ ትርንጎ ደስ ትል ነበር» አለችኝ። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ አስተያየቴን ልጻፍልሽ፤ ውል ነውና። በኅዳር ብትጠይቂኝ «ጸሐፊው ጨካኝ ነው፤ ልጅቷን ያለ ምክንያት ገደላት» እልሽ ነበር። አሁን ግን መልሼ ሳነበው፣ አባትየው በበሩ ስንጥቅ መንገዱን ሲያይ የሚውልበት አንድ ገጽ አለ፤ ሽማግሌ እየጠበቀ ነበር። ያን ገጽ ስቸኩል ዘልዬው ነበር። ጸሐፊው አገሩን ያውቃል። እኔ ከሱ የበለጥኩ ሩኅሩኅ መስሎኝ በሰው ልጅ ተጫወትኩ። የምቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያ ሁሉ ጎረቤት ሲኖር ለትርንጎ በሩን የሚከፍት አንድ ሰው አለመኖሩን። እዚህ ላይ ልክ ልሁን ልሳሳት አላውቅም።

ነገ ከሰዓት ወይራው ሥር እውነተኛውን መጨረሻ ለሴቶቹ አነባለሁ። እማማ መሰለች ከግቢያቸው ቢያስወጡኝም አይፈረድባቸውም። ብቻ አቶ አበጀ እኔ ከፈጠርኩት አባት ጋር መወዳደራቸው ይቅር። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ለብርቄ እሰጣታለሁ፤ ይዛልሽ ትመጣለች።

አዎ፣ ወደ አንቺ ነው የምልካት፤ ትናንት ነግሬያት እሺ ብላለች። ክፍልሽ ጠባብ መሆኗን አውቃለሁ። ሳላስፈቅድሽ ነው። በትምህርት ቤታችሁ የማታ ትምህርት እንዳለ ጽፈሽልኝ ነበር፤ ፊደል ለመቁጠር ቸኩላለች፤ ከእንግዲህ መጨረሻውን ራሷ ማንበብ ትፈልጋለች፤ እውነቷን ነው። ከደመወዜ በየወሩ ቀለቧን እልካለሁ። ይህን ደብዳቤ ሀይሌ የሚባል ሌላ ነጋዴ በበቅሎ ቀድሞ ያደርስልሻል፤ እሷ ከሌሎቹ ነጋዴዎች ጋር በእግሯ ትከተለዋለች። ደብዳቤውን እንደ ሽማግሌ ቁጠሪው። ድንጋዩን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ትናንት ስወጣ እስከ ቅጥሩ ሸኘችኝና «ያቺ ጓደኛዎ ትከፍትልኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። «ትከፍትልሻለች» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ያላነበብኩትን መጨረሻ ዳግመኛ ለማንም አልናገርም ብያለሁና፣ ዓይኗን እያየሁ «አላውቅም» አልኳት።

ሐሙስ በቀትር ግድም ደጅሽ ትደርሳለች። ምን እንደምትል ታውቂያለሽ።

ያፈረችው ጓደኛሽ፣
ዓለምጸሐይ